የቀረችው መርፌ ቁልፍ

እውነተኛ ስሟ ከመታወቂያዋ ላይ ካልሆነ የትም አይገኝም፤ መታወቂያዋን ደግሞ የት እንዳኖረችው አታውቅም። ሰፈሩ «እትዬ ረሳሁት» ይላታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት ብትጠይቋት «ነግረውኝ ነበር እኮ» ብላ ወደ መቀሷ ትመለሳለች።

ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። መርሳቷ በሽታ እንዳይመስላችሁ፤ ጤነኛ ናት፣ ጥርሷ ሙሉ ነው፣ ደረጃ ስትወጣ እንኳ አታለከልክም። እናቷም እንዲሁ ነበሩ ይባላል፤ የአያቷን ነገር ግን የሚያስታውስ አልተገኘም። አንድ ጊዜ አንድ መምህር ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ከመለኪያው መጋረጃ ኋላ ሱሪውን አውልቆ ሰጣት። እሷ ሱሪውን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ክር ልትገዛ ወጣች፤ ከክር ቤቱ ሽንኩርት ትዝ አላት፤ ከሽንኩርቱ ምሳ ትዝ አላት። መምህሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ በካልሲ ቆመ። ሰውዬው እስከ ዛሬ ደንበኛዋ ነው፤ ነገር ግን ሲመጣ ከውስጥ ቁምጣ ለብሶ ነው።

ደንበኞቿ የማይሸሹበት ምክንያት አንድ ነው፤ ልቧ ቢረሳ እጇ አይረሳም። እሷ የሰፋችው ኮሌታ ከባለቤቱ አንገት በላይ ዕድሜ አለው።

ሱቁ አንድ ክፍል ነው፣ መሀሉ በመጋረጃ የተከፈለ። በግራ የእሷ መኪና፣ ካውያዋና ደንበኛ የሚቆምባት የእንጨት ሣጥን አሉ። በቀኝ ባሏ ይቀመጣል፤ ሰዓት ሠሪ ነው። አንድ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽር ሰክቶ ይውላል፤ በግድግዳው ላይ አሥራ ሁለት ሰዓቶች ሰቅሏል፤ አሥራ ሁለቱም በአንድ ድምፅ ይመታሉ። በሠላሳ ዓመት ትዳር አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። እግዜር ሲያጣምር አንዳንዴ ቀልደኛ ነው። ከሱቁ ቀጥላ ጸጉር ሠሪዋ አለች፤ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ስስ ነው፣ የጸጉር ሠሪዋ ጆሮ ደግሞ ደህና ነው። እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው ከዚያ በኩል ነው።

«ለምን አትጽፊውም?» ይሏታል። ጽፋ ታውቃለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ አይለቅም፣ እሷ ግን ወረቀቱን ትለቀዋለች። አንድ ጊዜ የገበያ ዝርዝሯን ከአንድ ደላላ ሱሪ እግር ጋር አጥፋ ሰፋችው። ደላላው በሄደበት ሁሉ ሱሪው ይንኮሻኮሻል፤ ጠርዙን ቢተረትረው «ሳሙና፣ አምፖል፣ ጨው» የሚል ወጣ። አምፖሉን ራሱ ገዝቶ አመጣላት። ከዚያ በኋላ ጻፊ ሲሏት መልሷ «ብጽፈውስ፣ ወረቀቱን የት እንዳኖርኩት ማን ይጽፍልኛል?» ሆነ።

ሜትርም አትይዝም፤ ማለቴ ትይዛለች፣ አንገቷ ላይ ነው የሚውለው፣ እሷ ግን ጠረጴዛ ሥር ትፈልገዋለች። ስለዚህ በሲባጎ ትለካለች። እያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ሲባጎ አለው፤ ከትከሻ ጀምራ ቁልቁል ትለቀውና በደረት፣ በወገብ፣ በዳሌ፣ በጉልበትና በቁርጭምጭሚት ልክ ትቋጥረዋለች። ጫፉ ላይ የልብሱን ቁራጭ ሰፍታ ግድግዳው ላይ በምስማር ትሰቅለዋለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቁመት እዚያ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሏል። ማን እንደወፈረ ለማወቅ ጸጉር ሠሪዋ አልፎ አልፎ ብቅ ትላለች።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ነርስ ናት፣ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ይህች ልጅ በሰባት ዓመቷ በትምህርት ቤት በዓመቱ መዝጊያ ትርዒት ላይ ወፍ እንድትሆን ተመረጠች። እናቷ ቢጫ ልብስ ከነክንፎቹ ሰፋችላት። ከሱቅ ሲወጡ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ እየሮጡ ሄዱ፤ መድረክ ላይ ስትወጣ ክንፏ አንድ ነው። ግራው የለም። ሱቅ ቢሄዱ የለም፣ ቤት ቢሄዱ የለም። መምህርቷ ከመጋረጃው ኋላ «ዝም ብለሽ ዙሪ» አለቻት፣ ዞረች። አስተዋዋቂው ብልጥ ነበርና «ክንፏ የተሰበረ ወፍ» ብሎ አወጀ፤ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበ። ልጅቷ ጭብጨባውን አልሰማችም። የሰማችው የአንድ ሰው ሳቅ ብቻ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በተለይ የወጋው ሰው ሙያው መርፌ ሲሆን።

እንግዲህ ይህች ልጅ ልታገባ ሃያ ቀን ሲቀራት፣ አንድ እሑድ ከሥራ በቀጥታ ሱቅ መጣች። ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ነው፤ መዳፏ እንደ ልማዷ በእስክሪብቶ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ የምትረሳውን ሁሉ እዚያ ነው የምትጽፈው።

«ቬሎ ከኪራይ ቤት አስይዣለሁ» አለች፣ እናቷን ሳይሆን የአባቷን ሰዓቶች እያየች።

እትዬ ረሳሁት መኪናዋን አቆመች። «የልብስ ሰፊ ልጅ የሰው ልብስ ተከራይታ?»

«እማ፣ አሁን አትቆጪ።»

«ማን ተቆጣ? ጠየቅኩ እንጂ።»

«ብትረሺስ?»

«ምኑን?»

«ምኑን እንደሆነ ባውቅማ ምን ያሳስበኝ ነበር።»

«እኔ ለልብስ የሚሆን ነገር ረስቼ አውቃለሁ?»

ከመጋረጃው ወዲያ ሰዓት ሠሪው ሳል አደረገ።

«ክንፌን» አለች ልጅቷ።

እትዬ ረሳሁት ከመኪናዋ ተነስታ መጋረጃውን ገለጠች፣ ባሏን አየችው፤ መልሳ ዘጋችው።

«እኔ እሰፋዋለሁ» አለች። «የኪራዩን አትሰርዢው፣ ይቆይ። እስከ መቼ ይጠብቁሻል?»

«ለሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ስድስት ሰዓት። ያኔ ይደውሉልኛል። እሺ ካላልኩ ለሌላ ሙሽራ ይሰጡታል።»

«ሐሙስ ጠዋት ትመጫለሽ፣ ትለብሺዋለሽ። አንዲት ነገር ጎድላ ካገኘሽ የሰው ቬሎ ልበሺ። እኔም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አጨበጭብልሻለሁ፣ ቃሌ ነው።»

ልጅቷ ወደ መጋረጃው አየች። «አባዬ፣ ሰምተሃል?»

«ምስክር ነኝ» አለ ሰዓት ሠሪው። ያን ቀን የተናገረው እሱን ብቻ ነው።

ልጅቷን ሣጥኗ ላይ አቆመቻት። ሲባጎውን ከትከሻዋ ለቀቀች፣ እየቋጠረች ወረደች። ቀጥላም የመርፌ ቁልፎች ቆርቆሮዋን አወጣች። ሐሳቡ ከየት እንደመጣላት እንጃ፣ ግን ቀላል ነው፤ ስለ ቬሎው አንድ ሥራ በተጠራ ቁጥር አንድ መርፌ ቁልፍ ሽርጧ ላይ ትሰካለች። ገበር፣ አንድ። ዚፕ፣ አንድ። የቀኝ እጅጌ፣ አንድ። የግራ እጅጌ፣ «ለግራው ሁለት ሰኪ» አለች ልጅቷ፣ ሁለት ሰካች። ሥራው ሲያልቅ ትነቅላለች። የተሰካ ካለ ያልተሠራ አለ ማለት ነው። መሀል ላይ ጸጉር ሠሪዋ እጇ አረፋ እንደሆነ ብቅ ብላ «እትዬ፣ ውሃ ሄደብኝ፣ ሰው ጭንቅላት ላይ ሳሙና አለ» ስላለች ጄሪካኑን ሰጥታት ተመለሰች። ሲጨርሱ ሽርጧ ላይ ሠላሳ አራት መርፌ ቁልፎች ነበሩ። ስትራመድ እንደ ቁልፍ ያዥ ትንሿሿለች።

ሰው ሁሉን ነገር አያስታውስም። እትዬ ረሳሁት ይህን ስለምታውቅ ቬሎውን ለማስታወስ ሌላውን ሁሉ ለመርሳት ቆርጣ ተነሳች። አዲስ ሥራ አልቀበልም አለች። ሩዝ አሳረረች፣ ባሏ ዳቦ በላ። በማግስቱ ድንች አሳረረች፣ ባሏ ዳቦ በላ። በሦስተኛው ቀን ባሏ ዳቦውን ቀደም ብሎ ገዝቶ መጣ። ሱቅ ሲዘጉ የሚጠይቃት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ስንት ቀረሽ?»

«ሃያ ስድስት።»

«ስንት ቀረሽ?»

«አሥራ አራት። አትንካኝ፣ እወጋሃለሁ።»

ጸጉር ሠሪዋ እንደምትለው እነዚያን ቀናት መኪናዋ የሚያወጣው ድምፅ ራሱ ሌላ ነበር፤ ሰው ጥርሱን ነክሶ ሲሄድ ዓይነት። ዶቃዎቹን አንድ በአንድ በእጇ ሰፋች። ዚፑ አልሆነላትም፣ ተረተረችው፣ ደግማ ሰፋችው፣ ደግማ ተረተረችው። የግራውን እጅጌ ከሰፋች በኋላ እንኳ በቀን ሦስት ጊዜ እየሄደች በእጇ ትዳብሰው ነበር፤ አለ፣ አልሄደም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቬሎው አለቀ። ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለችውና ከሽርጧ የቀሩትን ነቀለች፤ ለጠርዙ፣ ለዶቃው፣ ለአንገቱ። እጇ ሽርጧ ላይ አንድ ነገር ነካ።

አንዲት መርፌ ቁልፍ ቀርታለች።

ቬሎውን አየች፤ ምንም አልጎደለውም። አዙራ አየች፣ ገልብጣ አየች። ባሏን ጠራችው፤ አጉሊ መነጽሩን እንደሰካ መጥቶ ስፌቱን አንድ በአንድ መረመረና «እንደ ሰዓት ነው» አለ፤ ከሱ አፍ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። ጸጉር ሠሪዋ ተጠራች።

«እጅጌ?» አለች ጸጉር ሠሪዋ።

«ሁለት።»

«ገበር?»

«አለው።»

«ታዲያ ሳይነቅሉ ቀርተው ነዋ፣ እትዬ። የጨረሱት ሥራ መርፌ ናት። ይንቀሏትና ይገላገሉ።»

«ስነቅል እየቆጠርኩ ነው የነቀልኩት።»

«ንቀያት» አለ ባሏም ቀስ ብሎ። «ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«አንድ ነገር እንዳለ።»

ሐቁን ለመናገር ማንም ባላወቀባት ነበር። ጣት ሰንዝሮ መንቀል ነው፣ አለቀ። ሽርጧን አወለቀች፣ አጣጠፈች፣ ከነመርፌ ቁልፏ ይዛ ቤቷ ገባች።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ልጅቷ መጣች፤ እንደገና ከሥራ፣ እንደገና በጋውን። ከመጋረጃው ኋላ ገብታ ቬሎውን ለብሳ ወጣች። ጸጉር ሠሪዋ ያን ጊዜ ስለነበረው ነገር ስትነግረኝ ቬሎውን በእጇ አየር ላይ ትስልልኛለች። አባትየው መነጽሩን አወለቀ። ልጅቷ በመስታወቱ ፊት ክንዶቿን ዘረጋች፣ ቀኙን አየች፣ ግራውን አየች፣ ግራውን ትንሽ ቆየችበት። ከዚያ ስልኳን ፈለገች። «ለኪራይ ቤቱ አልደውልላቸው? ልሰርዘው።»

«ቆይ» አለች እናቷ። «አላለቀም።»

«ምኑ?»

እትዬ ረሳሁት ሽርጧን አሳየቻት። «ይህቺ አልተነቀለችም።»

«የምን ናት?»

«አላውቅም።»

ልጅቷ ቀስ ብላ ሣጥኗ ላይ ተቀመጠች። «ይኸው። የፈራሁት ይህንኑ ነው፣ እማ።»

«የፈራሽው አልቀረም፣ እውነትሽን ነው።»

«ግን እኮ ምንም አይጎድለውም። በቃ ንቀያት። እኔ ወድጄዋለሁ።»

«እዚህ ወደድሽው። አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲያይሽ የጎደለው ቢታወቅስ? አንድ ጊዜ ታውቋል።» ሽርጧን መልሳ ታጠቀች። «ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ተኩል» አለ ባሏ።

«ይበቃል። የረሱት ነገር የሚገኘው የረሱበት ቦታ ላይ ነው። ያን እሑድ እንደነበርነው እንሁን። አንቺ ቬሎውን አውልቂ፣ ጋውንሽን ልበሺ፣ ሣጥኑ ላይ ውጪ። አንተ ከመጋረጃው ኋላ ግባ። ሳል።»

«አያስለኝም።»

«ያኔ ስለህ ነበር።»

ሰዓት ሠሪው ሳለ።

«እንደሱ አይደለም፣ ሽሙጥ ነበረበት።»

ሽሙጥ ጨምሮ ሳለ።

«አንቺ ደግሞ» አለቻት ጸጉር ሠሪዋን፣ «ውጪና በአረፋ እጅ ግቢ።»

«እትዬ፣ ዛሬ እኮ ደንበኛ የለኝም።»

«ባዶ እጅሽን በአረፋ ለውሺያ።»

ጸጉር ሠሪዋ ወጣች፣ እጇን በሳሙና ለወሰች፣ ገባች፤ ውሃ ሄደብኝ አለች፤ ጄሪካን ተሰጣት፤ ወጣች። ምንም ትዝ ያለው የለም። እንደገና። መምህሩ ሱሪ ሊያሳጥር ብቅ አለ፤ ሰዓት ሠሪው ያለምክንያት ሲስል፣ ጸጉር ሠሪዋ ባዶ ጄሪካን ይዛ ስትገባና ስትወጣ አየና ሱሪው እንዳለ ይቆይለት ብሎ ሄደ። ሦስተኛ ጊዜ። ልጅቷ «እማ፣ ይብቃሽ» አለች፤ ሰባት ጊዜ ሳትል አልቀረችም። እናቷ አልሰማቻትም። ከግድግዳው የልጇን ሲባጎ አወረደች፤ ጫፉ ላይ የቬሎው ነጭ ቁራጭ የተሰፋበትን። ቬሎው ከተቆረጠበት ቀን ወዲህ ማንም አልነካውም ነበር። ከትከሻዋ አስነሥታ ቁልቁል ለቀቀችው።

«ደረት» አለች። «ወገብ። ይህቺ ደግሞ...» ቆመች። «ዳሌ እዚህ ነው። ጉልበት። ቁርጭምጭሚት።» ተመልሳ ወጣች። ከወገብ በታች፣ ከዳሌ በላይ፣ የማንም ያልሆነች አንዲት ቋጠሮ አለች። «ይህቺ የምን ናት? ሰው እዚህ ጋ ምን አለው?»

«ኩላሊት» አለች ነርሷ።

«ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ» አለ ባልየው ከመጋረጃው ኋላ።

ልጅቷ ቆማ ደክሟታል። ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ቆማ ስትጠብቅ እንደምታደርገው እጆቿን ወደ ጋውኗ ኪሶች ሰደደች። የቀኝ እጇ ሲገባ አንጓዋ ሲባጎውን ገፋው።

«ደግመሽ አድርጊው» አለች እናቷ።

«ምኑን?»

«አሁን ያደረግሽውን። እጅሽን።»

ልጅቷ እጇን አወጣች፣ መልሳ ከተተች። ቋጠሮዋ ልክ ከኪሱ አፍ ላይ ነች።

ለትንሽ ጊዜ ሁለቱም ቋጠሮዋን አዩ። ከዚያ ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ኪስ» አለች። «እኔ ነኝ ያልኩሽ። ቬሎ ለምን ኪስ የለውም፣ እጄን የት ላኖር ነው፣ መሀረቤን ማን ይይዝልኛል ብዬ... ሳቅንና አንቺ ቋጠርሽው፣ መርፌዋንም ሰካሽ። ያኔ እሷ ለውሃ ገባች።»

«ታዲያ ለምን አላስታወስሽኝም?»

«መዳፌ ላይ ጽፌው ነበር።» መዳፏን ገልብጣ አየችው። «ሥራ ገባሁና ታጠብኩት።»

ጸጉር ሠሪዋ ጄሪካኑን አስቀምጣ እስክትረጋጋ ድረስ በሩ ላይ ተደግፋ ሳቀች። «እንግዲህ የረሳው ማነው?»

«ሁለቱም» አለ ሰዓት ሠሪው። «አንዷ ግን መርሳቷን ታውቅ ነበር።» ከዚያ ጨመረ፤ «ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ።»

ስልኩ ጮኸ፤ የኪራይ ቤቷ ሴትዮ ነበረች። ልጅቷ ሣጥኗ ላይ እንደቆመች አነሳችው። ከወዲያ የሚባለውን አዳመጠች፣ እናቷን አየች፣ ሽርጧ ላይ ያለችውን መርፌ ቁልፍ አየች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች በስልኩ። «የእናንተ ቬሎ ኪስ አለው?»

«የምን ኪስ?» አለች ሴትዮዋ ከወዲያ።

«እንግዲያውስ ለዚያችኛዋ ሙሽራ ስጧት» አለችና ዘጋችው።

ኪሱ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ፤ ከስፌቱ ጋር ተዋህዶ ላላወቀ ሰው አይታይም። ሠላሳ አራተኛዋ መርፌ ቁልፍ ወደ ቆርቆሮዋ ገባች።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ፎቶ ሊነሱ ሲሰለፉ ልጅቷ መሀረቧን ፍለጋ እጇን ኪሷ ከተተች። ያወጣችው መሀረብ አይደለም። ቢጫ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ጠርዙ በሰባት ዓመት ልጅ ክንድ ልክ ተቀምቅሟል።

«የት ነበር?» አለቻት እናቷን፣ ከንፈሯ ሳይነቃነቅ፤ ፎቶ አንሺው ፈገግ በሉ እያለ ነው።

«ከመኪናው መሳቢያ ኋላ ወድቆ። በዓመቱ አገኘሁት።»

«በዓመቱ? ታዲያ እስከ ዛሬ?»

«ልሰጥሽ እያልኩ እረሳዋለሁ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ?»

«ሃያ ዓመት ከሦስት ወር» አለች እናቷ።

ፎቶው ዛሬ ሱቁ ውስጥ ከሲባጎዎቹ አጠገብ ተሰቅሏል። ሙሽራዋ አንድ እጇን ኪሷ ከትታለች፤ ከኪሱ አፍ የቢጫ ጨርቅ ጫፍ ይታያል። ሙሽራው ቆንጆ ነው። እትዬ ረሳሁት ከጎኗ ቆማለች፣ ራሷ በሰፋችው ልብስ፣ አንገቷ ላይ ግን ሜትሯ እንደተንጠለጠለ ነው። ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ዋለች። ባልየውን ከቤት ስትወጡ አላየህባትም ወይ ቢሉት መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ መለሰ፤

«አይቻለሁ። ባወልቅላትማ ሰርጉን ትታ እሱን ስትፈልግ ትውል ነበር።»